በጀዊሪያ ስም የተቆረጠ ትኬት

ፈድሉ መጀመሪያ የመጣው ለጓደኛው ነበር።

«ጋሽ ስብሐት፣ አንድ ጓደኛዬ ችግር ገጥሞት ነው» አለና አግዳሚው ላይ ቁጭ አለ።

አዲሱ ገበያ፣ ከወረዳው አጥር ሥር ጃንጥላ ተክዬ ማመልከቻ መጻፍ ከጀመርኩ አሥራ ስምንት ዓመት አልፎኛል። በነዚህ ዓመታት ስለ ራሱ ጉዳይ የመጣ ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። የጎረቤቱን አጥር የገፋው ጓደኛ ነው። አንዱን ቤት ለሦስት ሰው ያከራየውም ጓደኛ ነው። እኔ አላቋርጥም። ሰው ስለ ጓደኛው ብዙ ሲናገር ቆይቶ ራሱ ላይ ይደርሳል።

«ምን ገጠመው?»

«ተበላ።»

«በማን?»

«በኢንተርኔት።»

ፈድሉን አውቀዋለሁ። ከመስጊዱ ዝቅ ብሎ ባልዲ፣ ጀሪካን፣ ሳፋ፣ መጥረጊያ ይሸጣል። ሱቁ የእሱና የሚስቱ የጀዊሪያ ነው፤ ዋጋ የምትናገረው ግን እሷ ናት።

«‹ድል በጣት› የሚባል አለ፣ ጋሼ። በስልክ ነው። ኳስ ማን እንደሚያሸንፍ ትገምታለህ፣ ትኬት ትቆርጣለህ፣ በቃ። ቁማር እንኳ አይባልም፣ ማለቴ... እውቀት ነው።»

«ጓደኛህ ዐዋቂ ነዋ።»

«እ... ሁለት ዓመት ከስሯል። እየከሰሩ ነው የሚታወቀው።»

ጃንጥላዬን አስተካከልኩ። እሱም ድንገት ፊቱ በራ።

«ባለፈው ግን ዘጠኝ ጨዋታ ቆረጠ፣ ጋሼ። ዘጠኝ! ዘጠኙም ገባለት! የመጨረሻዋ ጎል ስትገባ ዘልዬ ጀሪካኑን ሁሉ በላዬ ላይ አፈረስኩት!»

«ጓደኛህ ላይ?»

ፈድሉ መሬት መሬት አየ። «እኔ ላይ» አለ። ጓደኛው እዚያው ቀረ።

ያሸነፈው የአራት ወር የሱቅ ኪራይ የሚሸፍን ነበር። ሊያወጣ ሲሞክር ግን «ማንነትዎን ያረጋግጡ» የሚል መጣበት። መታወቂያ ከአገጭ ሥር ተይዞ፣ ፊትና መታወቂያው አንድ ላይ የሚታይበት ፎቶ ላክ አሉት።

«ታዲያ ምን ችግር አለው? ትልካለህ።»

«ልኬያለሁ» ብሎ ስልኩን ሰጠኝ።

ፎቶው ላይ ፈድሉ ከነጢሙ፣ ጥርሱን ብልጭ አድርጎ፣ የሚስቱን መታወቂያ አገጩ ሥር ይዟል። ከፎቶው ሥር መልሱ ተጽፏል፦ «ውድ ደንበኛችን ወይዘሮ ጀዊሪያ፣ የላኩት ፎቶ ከመታወቂያዎ ጋር አይመሳሰልም። አካውንትዎን ሌላ ሰው እየተጠቀመበት ስለሆነ ሽልማቱ ተሰርዟል።»

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከንፈሬን ነክሼ ነው ስልኩን የመለስኩለት።

«ጢሜን ብላጨውስ?» አለ።

«ፈድሉ፣ ጢሙ አይደለም ችግሩ። አካውንቱ እንዴት በሷ ስም ሆነ?»

«ሲሙ ነዋ። ሲም ላወጣ ስሄድ የኔ መታወቂያ ጊዜው አልፎ ነበር፣ በሷ አወጣሁ። ስልኩ የኔ፣ ቁጥሩ የኔ፣ ስሙ የሷ። የስልክ ገንዘቡም በዚያው ቁጥር ተከፈተ። ይሄም በዚያው ተከፈተ።»

በሰፈራችን ይሄ እንግዳ ነገር አይደለም። የባል ስልክ በሚስት ስም ነው፣ የሚስት በወንድሟ፣ የወንድሟ በሞተች አክስታቸው። ሰው በገዛ ስሙ የሚጠራው ጤና ጣቢያ ካርድ ሲያወጣ ነው።

«ታዲያ እሷ ታውቃለች?»

«ጋሼ!» አለ፣ የመታሁት ይመስል። «ካወቀች አለቀልኝ እኮ!»

እውነቱን ነው። ጀዊሪያ በዘመድ ሰርግ ላይ ካርታ ሲጫወቱ ያገኘቻቸውን አጎቷን ከነካርታቸው ከድንኳን ያስወጣች ሴት ናት። ሎተሪ አዟሪ እንኳ በሱቋ በር ሲያልፍ ድምፁን ይቀንሳል። ፈድሉ የሚፈራው ጩኸቷን አይደለም። ሱቁን ለሱ ጥላለት ወደ ቤት ስትሄድ መሳቢያውን ሳትቆልፍ ነው የምትሄደው። ያ መሳቢያ ከዚህ በኋላ ይቆለፍ ይሆን? ሌሊት የሚያገላብጠው ይሄ ነበር።

«እኔ የምፈልገው እሷ ሳታውቅ ገንዘቡን የሚያስለቅቅ ሕግ ነው» አለ።

ሕጉን የሰማሁት እዚህ አግዳሚ ላይ ቁጭ ብለው ሻይ ከሚጠጡ ጠበቆች ነው። ከሰማሁት ያለኝን አካፈልኩት።

«መጀመሪያ ለራሱ ለድርጅቱ በጽሑፍ አቤቱታ ይገባል።»

«ማን ፈርሞ?»

«የአካውንቱ ባለቤት።»

«እሺ እሱ ይቅር። ሌላ?»

«ፈቃድ የሰጣቸው መሥሪያ ቤት አለ። ፈቃድ አላቸው ወይ? ከሌላቸው ነፋስ ነው የምትከሰው፤ ካላቸው ግን አቤት የሚባልበት ቦታ አለ።»

«አላቸው! ድረ ገጻቸው ላይ ለጥፈውታል። አቤት የሚለው ማነው?»

«ተበደልኩ ባይዋ።»

«ባይዋ?»

«ጀዊሪያ።»

አንገቱን አከከ። «በስልክ ገንዘቡ በኩልስ?» አለና ራሱ መለሰ። «ባለ ቁጥሯ ትቅረብ ይላሉ።»

«ማታለል ነው ካልክ ፖሊስ አለ። ቃሏን የምትሰጠው የግል ተበዳይዋ ናት። ፍርድ ቤትም አለ፤ ከሳሽ ወይዘሮ ጀዊሪያ ይባላል። ያም ቢሆን ዳኛ ለቁማር ገንዘብ ፊቱን ቶሎ የሚያበራ አይመስለኝም።»

«ጋሼ፣ ይሄ አገር በየበሩ ሚስቴን ነው እንዴ ያቆመው?»

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «በቴሌግራም አንድ ሰው አለ። የታገደ የቤቲንግ ገንዘብ አስለቅቃለሁ ይላል፣ ቅድሚያ ትንሽ ተከፍሎት ነው» አለኝ።

«እንዳትልክለት።»

«ላክሁ እኮ።»

«መለሰልህ?»

«አገደኝ።»

ጠመኔ የመሰለ ፊቱን እያየሁ፣ «ልጄ፣ ንገራት» አልኩት። «ሌላ መንገድ የለህም።»

«ጀዊሪያን ያውቋታል አይደል?»

«አውቃታለሁ።»

«ታዲያ እንዴት ንገራት ይሉኛል?»

ተነሣ። ሊሄድ ሲል ግን ቆም ብሎ ስልኩ ላይ ያለውን የራሱን ፎቶ አየ፣ ከዚያ ወደ ሱቁ አቅጣጫ አየ። አንድ ሐሳብ እንደመጣለት ገባኝ። ደስ አላለኝም።

ረቡዕ ዕለት፣ ከቀጨኔ መድኃኔ ዓለም ተሳልሜ መጥቼ ጃንጥላውን ገና ስዘረጋ ጀዊሪያ መጣች። አግዳሚውን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ ማመልከቻ ይጻፉልኝ። ለፖሊስ።»

«በማን ላይ?»

«ባልታወቀ ግለሰብ ላይ።»

እስክሪብቶዬን ከኪሴ ለማውጣት ከሚገባው በላይ ጊዜ ወሰደብኝ።

«ቅዳሜ ጠዋት» አለች፣ «ባለቤቴ መጥቶ መታወቂያሽን አገጭሽ ሥር ያዢና ፈገግ በይ፣ ላንሣሽ አለኝ። ለምን ስለው ለንግድ ፈቃድ እድሳት ነው አለ። ፈገግ አልኩለት። ማታ ሳስበው ግን፣ ስንት ዓመት ሙሉ ንግድ ፈቃድ ሳድስ ማንም ፈገግ በይ ብሎኝ አያውቅም። ሰኞ ጠዋት እዚህ ወረዳ ገብቼ ጠየቅሁ። መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ ሳቀ። ‹እናቴ፣ ይሄን የሚጠይቁት ቤቲንጎች ናቸው፤ እኔንም በየጊዜው ነው የሚያስነሡኝ› አለኝ። የነሱን ነፃ መስመር ከሱ ተቀብዬ ደወልኩ። ስሜንና በስሜ ያለውን ቁጥር ስነግራት ልጅቷ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው?»

«ምን አለችሽ?»

«‹እንኳን ደስ አለዎት ወይዘሮ ጀዊሪያ፣ ከብር ደረጃ ወደ ወርቅ ደረጃ አድገዋል!› ሰሙኝ ጋሼ? እኔን! ወርቅ ደረጃ!»

እዚህ አግዳሚ ላይ አንዱ የነገረኝን ለሌላው አላወጣም። ሐሰትም መጻፍ አልፈልግም። ወረቀቱ ላይ ቀኑን ጻፍኩ፣ አሰመርኩበት፣ ደግሜ አሰመርኩበት። በልቤ አቡነ ዘበሰማያት ጀመርኩ። «ኢታብአነ እግዚኦ ውስተ መንሱት»፣ ወደ ፈተና አታግባን፣ የሚለው ላይ ስደርስ ፈድሉ ስልኩን ከፍ አድርጎ እየሳቀ ከታክሲው ተራ በኩል ብቅ አለ። ፎቶውን አግኝቶ፣ ከፎቶው ጋር የሚላክ ደብዳቤ ሊያጽፈኝ መምጣቱ ነው።

ጃንጥላው ሚስቱን ከልሏት ኖሮ አጠገባችን እስኪደርስ አላያትም። ሲያያት ሳቁ ፊቱ ላይ ደርቆ ቀረ።

ጀዊሪያ ዞር አላለችም። «ጋሼ፣ በሰው መታወቂያ የተጫወተ ሰው እስራት አለው?»

«እሱን የሚያውቀው ዳኛ ነው፣ ልጄ።»

«ሦስት ዓመት ይበቃዋል መሰለኝ።»

«ጀውሪ፣ ምን... ምን እየሠራሽ ነው?» አለ ፈድሉ።

«ሌባ እያስያዝኩ።»

«አገኛችሁት?»

«ፍለጋ ላይ ነን። ና ቁጭ በል፣ ታግዘናለህ። ጋሼ ይጻፉ፦ መልኩ ጠይም፣ ጢማም፣ ቁመቱ መካከለኛ...»

«ጀውሪ...»

«...ሲደነግጥ ግራ እግሩን የሚያወዛውዝ።»

ፈድሉ ግራ እግሩን በሁለት እጁ ያዘ። «እኔ ነኝ» አለ። ድምፁ ከራሱ ጢም አላለፈም።

«ምን?»

«እኔ ነኝ አልኩሽ።»

«ከሰኞ ጀምሮ አውቃለሁ። ካንተ አፍ ነበር የምጠብቀው። ሰኞ አልነገርከኝም፣ ማክሰኞም አልነገርከኝም።» ነጠላዋን አስተካከለች። «እሺ። ከመጀመሪያው ንገረኝ።»

ነገራት። ሁለቱን ዓመት፣ ዘጠኙን ጨዋታ፣ የቴሌግራሙን ሰውዬ ሳይቀር ነገራት። እኔ ስድብ ስጠብቅ ነበር። እሷ ግን እንደ ነጋዴ ነው የጠየቀችው።

«ሽልማቱን ለምን ከለከሉህ?»

«አካውንቱን ሌላ ሰው ነው የተጫወተበት ብለው።»

«ስትከስርስ ማን ነበር የሚጫወተው?»

«እ?»

«ሁለት ዓመት ሙሉ ስትከስር ጀዊሪያ ነበርክ፣ አንድ ቀን ስታሸንፍ ፈድሉ ሆንክ?»

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ።

«ባልዲ ሸጠን» አለች ወደኔ ዞራ፣ «ደንበኛው ስንጥቅ አለው ብሎ ቢመልስልን ባልዲውን ተቀብለን ብሩንም እናስቀራለን? ሽያጭ ፈረሰ ማለት ዕቃውም ወደ ቦታው፣ ብሩም ወደ ቦታው ነው። ጨዋታው የሌላ ሰው ነው ብለው ካፈረሱ ሁሉንም ያፍርሱት። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ።»

ፈድሉ ቀና አለ። «ሽልማቱስ?»

«ሽልማቱ ሐራም ነው፣ ቤቴ አይገባም። ከመሳቢያዬ የወጣውን ግን ሳንቲም ሳይቀር ይመልሱ።»

እዚያ አጥር ሥር ብዙ የኪሳራ ታሪክ ሰምቻለሁ፤ ያሸነፈውን ትቶ የከሰረውን የጠየቀ ግን አላጋጠመኝም። ዳኛ ፊት ቢቀርብ ምን ይባል እንደነበር አላውቅም። ወረቀት ላይ ግን የሚያምር ነገር ነበር።

«ሁለት ነገር ያስፈልጋል» አልኳት። «አንደኛ፣ ከአካውንቱ ውስጥ የጨዋታው ዝርዝር በሙሉ ታትሞ ይምጣ። ሁለተኛ፣ ባለቤቲቱ ሳታውቅ ተጫውቻለሁ ብሎ በጽሑፍ የሚያረጋግጥ ሰው ይፈርም።»

ሁለታችንም ፈድሉን አየነው።

«በጽሑፍ?» አለ።

«በሦስት ኮፒ። ግልባጭ ፈቃድ ለሰጠው መሥሪያ ቤት፣ ግልባጭ ለስልክ ገንዘቡ ድርጅት።»

«ለአማቼም ግልባጭ ያድርጉልኛ!»

«እሱን እያሰብኩበት ነው» አለች ጀዊሪያ።

ከሰዓት በኋላ ዝርዝሩን ኮምፒውተር ቤት አሳትመው ይዘው መጡ። አርባ አንድ ገጽ ነበር። ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ ጀዊሪያ በጣቷ እየቆጠረች ወደኛ ትመልሰዋለች፤ ሰዓቱንም እንደዚያው።

«ሰኔ አሥራ ሁለት፣ ሐሙስ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ስምንት ሰዓት ላይ የት ነበርክ?»

«ሱቅ መሰለኝ።»

«ኡመይማ የወለደች ቀን ነው! እህቴ ውስጥ ስታምጥ አንተ ሆስፒታሉ በረንዳ ላይ ዱዓ እያደረግሁ ነው አላልከኝም?»

«ዱዓማ አድርጌያለሁ።»

«ለማን? ለእህቴ ነው ለበረኛው?»

ጀዊሪያ ገጹን ገለበጠች።

«ይሄ ደግሞ ረመዳን ነው። አስታግፊሩላህ! ፈድሉ፣ ሃያ ሰባተኛው ሌሊት?»

«ያን ቀን አልቆረጥኩም፣ ወላሂ፤ የቀድሞውን ውጤት ለማየት ነው የገባሁት።»

«ሰዎች የጀነትን በር ይፈልጋሉ፣ የኔ ባል ውጤት ይፈልጋል።»

ስድስተኛው ገጽ ላይ ፈድሉ እጁን አነሣ። «ጋሼ፣ ክሱ ይቅር። ድርጅቱን አውፍ ብያለሁ።»

«አንተ ማን ነህ አውፍ የምትል?» አለችው። «ከሳሿ እኔ ነኝ። ገና ሠላሳ አምስት ገጽ ይቀራል።»

ቃሉን ስጽፍለትም አስቸግሮኝ ነበር። «‹አልፎ አልፎ› ብለው ይጻፉልኝ» አለ።

«አርባ አንድ ገጽ አልፎ አልፎ አይባልም።»

«እሺ ‹በሸይጧን ግፊት› ይበሉ።»

«ሸይጧን ሲም ካርድ የለውም» አለች። «‹እኔ› ብለው ይጀምሩት፣ ጋሼ።»

«እኔ» ብዬ ጀመርኩ። አንብቤ ሳሰማው ጢሙን በመዳፉ ይዞ ሰማ። መፈረሚያው ቦታ ላይ ሲደርስ እስክሪብቶውን እንደያዘ ቆየ። ሰው ለነፍስ አባቱ በጆሮ ሲናዘዝ እንኳ ይከብደዋል፤ ይሄ በሦስት ኮፒ ነው፣ ሚስቱ ፊት። ጀዊሪያም በዚያች ሰዓት አልቀለደችም፤ ፊቷን ወደ ታክሲው ተራ አዞረችለት። ፈረመ።

በማግስቱ ቦሌ ሄድን። ድርጅቱ አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው። አዳራሹ የየራሱን አቤቱታ በያዘ ጎረምሳ ተሞልቷል። ተራችን ደርሶ ዮናስ የሚባል ከረባት ያሰረ ወጣት ደብዳቤያችንን ተቀበለ። አነበበው። ገልብጦ ጀርባውን አየ፣ ደግሞ አነበበው።

«ወይዘሮ ጀዊሪያ፣ የሚጠይቁት ሽልማቱን ነው?»

«ሽልማታችሁን ለራሳችሁ።»

«ታዲያ...»

«ሌላ ሰው ነው የተጫወተው ብላችሁ ጽፋችኋል። ልክ ናችሁ፣ እኔ አልተጫወትኩም። ያልተጫወተ ሰው እንዴት ነው የሚከስረው?»

ዮናስ ከረባቱን ላላ አደረገ። «ይሄ እኮ ማስረጃ ይፈልጋል። ተጫወተ የተባለው ግለሰብ የት አለ?»

ፈድሉ ጥግ ላይ ካለ የፕላስቲክ አበባ ጀርባ ቆሞ ነበር። እንደ ተማሪ ጣቱን አወጣ።

«አልሰማሁም» አለ ዮናስ።

ፈድሉ ጀዊሪያን አየ። ጀዊሪያ ምንም አላለችውም፣ ምልክትም አልሰጠችውም። እሱ ግን ከአበባው ጀርባ ወጣ።

«እኔ ነኝ!» አለ፣ ባልዲ እንደሚያስተዋውቅ ጮክ ብሎ። «ፈድሉ እባላለሁ። ሁለት ዓመት በሚስቴ ስም ቆርጫለሁ። እሷ አታውቅም። ፈርሜያለሁ!»

አዳራሹ በሙሉ ወደሱ ዞረ። ከወረፋው መካከል አንዱ ጎረምሳ፣ «እንዴ፣ የኔም እኮ በእናቴ ስም ነው» አለ።

«የኔ በእቴቴ ነው» አለ ሌላው።

«እኔ በአከራዬ» አለ አንድ ቀጭን ልጅ። «ጨዋታው ከፈረሰ ገንዘብ ይመለሳል ነው የምትሉት?»

«ነው!» አለች ጀዊሪያ ወደነሱ ዞራ። «ዝርዝሩን አሳትሙት፣ እናቶቻችሁን ይዛችሁ ኑ!»

ወረፋው ወደ መስኮቱ ተጠጋ። ዮናስ ብድግ ብሎ፣ «እባክዎ እናቴ፣ ወደ ውስጥ እንግባ» አለና ለሦስታችንም የታሸገ ውሃ አስመጣልን። ውስጥ የነበረው ንግግር አጭር ነው። ሥራ አስኪያጅ ነኝ ያለው ሰው ስለ ሕጉ ብዙም አልተከራከረን፤ ዐይኑ በሩ ላይ ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ መለሱ። ሁሉን አይደለም፤ የመጀመሪያዎቹን ወራት «ያኔ ሥርዓቱ ሌላ ነበር» ብለው አስቀሩ። ለማንም እንዳትናገሩ የሚል ወረቀትም አቅርበውላት ነበር። ጀዊሪያ ግን መነጽሬን አልያዝኩም ብላ ሳትፈርም ወጣች። መነጽር አድርጋ አይቻት አላውቅም።

ፈድሉ አዳራሹ ፊት በተናገረበት ዕለት ስንመለስ ታክሲ ውስጥ የኋላ ወንበር ላይ ሦስት ሆነን ተቀመጥን፣ ጀዊሪያ በመስኮቱ በኩል፣ ፈድሉ መሐል፣ እኔ ጥግ። ታክሲው ዊንጌትን አለፈ።

«ጋሼ» አለኝ ፈድሉ፣ «ሁለት ዓመት ሙሉ ስልኬ በጮኸ ቁጥር ልቤ ይወርድ ነበር። ዛሬ ያ ሁሉ ሰው ፊት ከተናገርኩ በኋላ ምን እንደተሰማኝ ልንገርዎት? ቀለለኝ።»

«አንተን የቀለለህ» አለች ጀዊሪያ ከመስኮቱ ሳትዞር፣ «እኔ ስለተሸከምኩት ነው።»

ፈድሉ አቀረቀረ። ጀዊሪያ ጭኗ ላይ የነበረውን ትልቅ ቦርሳ አንሥታ ጭኑ ላይ አኖረችለት።

«በል ያዝ» አለችው። «ተራህ ነው።»

በሁለት እጁ አቅፎ ያዘው።